የሚያንጎራጉረው አሸዋ

አውሎ ነፋሱ መኪናዋን ከጎን መታትና መንገዱ ጠፋ። አሸዋው መስታወቱ ላይ እንደ በረዶ ይንጣጣል። ሹፌሩ መሪውን አንቆ ያዘ።

«ጋሼ፣ አትቁም! ንዳው!» አለች አጠገቡ የተቀመጠችው ወጣት።

«ወዴት ልንዳው? እኔ አፍንጫዬንም አላየሁ፤ መንገዱን ካየሽው አሳዪኝ።»

ከኋላ የተቀመጡት እናቷ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ጠምጥመው ሳቁ። «ቸኩሌ፣ ተይው ይንፈስ። ሲደክመው ይተዋል።»

ቸኩሌ ያሏት እሳቸው ናቸው፤ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። ነፋሱ እንደዚያ ሲያጓራ እሳቸው የሚሰሙት ሹክሹክታ ያህል ነበር። ሐኪሙ ግራ ጆሯቸው አልቆለታል፣ ቀኙም ብዙ አይቆይም ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ድሮ የጭነት መኪና ይነዳ የነበረው ባላቸው ከሩቅ መንገድ ሲመለስ፣ ልጆቹ ምንም ሳይሰሙ እናትየው የመኪናውን ድምፅ ከኩርባው ማዶ ለይተው የእግር ውሃ የሚጥዱት በነዚሁ ጆሮዎች ነበር።

ቸኩሌ የምትሠራበት የጉዞ ቢሮ ሌላው የማይሸጠውን ነው የሚሸጠው፦ ቀዝቃዛ አየር የሚተነፍስ ዋሻ፣ ቀለሙን የሚቀያይር ሐይቅ፣ በነፋስ የሚያፏጭ ገደል። አለቃዋ አዲስ ቦታ አምጪ ሲላት አንድ ቦታ ብቻ መጣላት። እናቷ በወጣትነታቸው ከአባቷ ጋር ሲያልፉ ያገኙት፣ ሲንሸራተቱበት የሚያንጎራጉር የአሸዋ ኮረብታ። «እንደ ምን ነው የሚያንጎራጉረው?» ስትላቸው መልሳቸው አይለወጥም። «ስትሰሚው ታውቂዋለሽ።» አባቷ ከሞተ ወዲህ ከኮረብታው ሌላ ወሬ የላቸውም። ጆሯቸው ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ደግመው መስማት ይፈልጋሉ፤ በቃ፣ ሌላ ምንም።

ነፋሱ ሲወጣለት ጎማዎቹ እስከ ግማሽ ተቀብረዋል። ሦስቱም ተንበርክከው አሸዋውን በእጃቸው ዛቁ። እናትየው ከኋላ ጎማ ሥር ጣውላ ሲሸጉጡ አጠገቡ ያለው አሸዋ ተንቀሳቀሰ። እፉኝት! ተጠቅልላ ትፋጫለች።

«እማዬ!»

በግራ ጆሯቸው በኩል ነበረችና አልሰሙም።

«እማዬ፣ እጅሽን!»

ጣውላውን መግፋታቸውን ቀጠሉ። ቸኩሌ ዘላ ቀሚሳቸውን ከኋላ ጨምድዳ ሳበቻቸው፤ ሁለቱም በጀርባቸው ወደቁ። እፉኝቷ ጣውላውን ነድፋ በአሸዋው ውስጥ ተሰወረች።

«ምን ነካሽ? ቀሚሴን እኮ ቀደድሽው!»

ሹፌሩ «እናቴ፣ ቀሚስ ይሰፋል» አለ።

በማግስቱ ንጋት ላይ ኮረብታው ብቻውን ተገትሮ ታየ። ሥሩ ግን ሁለት መኪናዎች ቀድመው ቆመዋል። የሌላ የጉዞ ድርጅት ጎረምሶች በሰሌዳ ላይ ቁጭ እያሉ፣ እየጮሁ ቁልቁል ይወርዳሉ። ቸኩሌ ደሟ ፈላ። የሚያንጎራጉረው ያልተነካ አሸዋ ብቻ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ ነፋስ መልሶ እስኪያለብሰው ድረስ ድምፅ የለውም። ዳገቱን በእጅ በእግሯ ወጣች።

«ይብቃችሁ! ጨረሳችሁት እኮ!»

«ኮረብታውን ገዝተሽዋል እንዴ፣ እህት?» አለ ጢማሙ መሪያቸው። «ይዘፍናል ተብለን ነው የመጣነው። ዲዳ ነው!»

«ለዲዳ ይህን ያህል ምን አስጮሃችሁ? ይቺን ጥግ እንኳ ተዉልኝ።»

ያልተነካው በቀኝ በኩል ያለች ጠባብ ሰንጥር ብቻ ነበረች። ጢማሙ ሰሌዳውን ወደዚያ አዞረ። ቸኩሌ አፋፉ ላይ በሆዷ ተጋደመች።

«በላዬ ላይ ሂድ።»

ጓደኞቹ ሳቁ። እሱ ዓይን ዓይኗን አያት፤ ቀልድ አልነበረባትም።

«በይ ውሰጃት! ከዚህስ ድንጋይ ቢዘምርልሽ ይቀላል።»

ጎረምሶቹ ሰሌዳቸውን ጭነው ሄዱ። መኪናዎቹ ገና ሳይርቁ ቸኩሌ እናቷን ደግፋ አፋፉ ላይ አደረሰቻቸው። «በይ ተቀመጪ፣ እንውረድ!»

እናትየው አሸዋ ዘግነው ጨበጡ። ሲከፍቱት መዳፋቸው ላይ ተጣብቆ ቀረ።

«ጤዛ አለው። እነሱንም ዝም ያላቸው ለዚህ ነው። ጠብቂ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪደርቅ ነዋ!»

ሻይ እስኪፈላ የማትታገሠው ቸኩሌ ተቀመጠች። ፀሐይ ወጣች፤ ከፍ አለች፤ አናት ላይ ሆነች። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። አንዴ ተነሣች፤ ጠባቧን ሰንጥር አየችና መልሳ ተቀመጠች። እናትየው በየመሀሉ እየዘገኑ ይጨብጣሉ። በመጨረሻ አሸዋው ከጣቶቻቸው መካከል እንደ ውሃ ፈሰሰ።

«አሁን።»

ቸኩሌ ከኋላ አቀፈቻቸው፤ በመቀመጫቸው ተንሸራተቱ። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ከሥራቸው ወፍራም ድምፅ ተነሣ። እያደገ ጎድናቸው ውስጥ ገባ፤ ጥርሳቸውን አንቀጠቀጠ። ዘፈን አልነበረም። ጭነቱ የከበደው ትልቅ መኪና ነበር፤ ከሩቅ ኩርባ ማዶ ዳገት እየታገለ የሚመጣ።

እናትየው ቀና ብለው ያዩት አሸዋውን ሳይሆን መንገዱን ነው።

«መጣ» አሉ በቀስታ።

ቸኩሌም ዞራ አየች። መንገዱ ላይ ማንም የለም። ድምፁ ግን እየቀረበ፣ እየቀረበ፣ ግቢ ሊገባ የደረሰ እስኪመስል መጣ። ታች ሲደርሱ አሸዋው ቀጥ አለ፤ ድምፁም ቀስ ብሎ ሰመጠ።

ሁለቱም አልተነሡም።

«ውሃ እንኳ አልጣድኩም» አሉ እናትየው።

ወዲያ ማዶ ሹፌሩ የመኪናውን በር ከፍቶ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች ቸኩሌ። «ሞተር እንዳታስነሣ! እንቆያለን።»