እንኮዬ በቴሌቪዥን

«ዝም በሉ! ዝም በሉ እንጂ፣ ጀመረ!» አለች ትሕትና። በቤቱ ውስጥ ዝም ያላለች እሷ ብቻ መሆኗን ልብ አላለችውም።

የአቶ ጫኔ ሳሎን ጢም ብሏል። አቶ ጫኔ ከሰፈሩ ሁሉ ትልቁን ቴሌቪዥን የገዙ ባለሱቅ ናቸው፤ በበዓል ቀን ቤታቸው ሲኒማ ቤት ይሆናል። ትሕትና ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ እማማ ወለተ ኢየሱስን አስቀምጣ ከጎናቸው ተሸጉጣለች። እማማ የአባቷ አክስት ናቸው። ወላጆቿ ከቀየት ወዲያ ባለ ገጠር ገብስ አራሾች ስለሆኑ፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሞላሌ ከተማ የምትማረው እሳቸው ዘንድ ተቀምጣ ነው፤ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት።

ያን ሁሉ ሰው የጠራችው እሷ ናት። «የእንኮዬ ባና፣ በፋሲካ ልዩ ዝግጅታችን!» የሚለውን ማስታወቂያ ከሰማች ወዲህ እግሯ መሬት አልነካም። ላገኘችው ሁሉ «የኔ መጽሐፍ በቴሌቪዥን ሊቀርብ ነው» ስትል ሰነበተች። የኔ የምትለው፣ አራተኛ ክፍል ሳለች አንደኛ ወጥታ ስለተሸለመችው ነው። ሽፋኑ ከተገነጠለ ቆይቷል፤ በሲሚንቶ ወረቀት ለብጣዋለች። ያን ዕለት ጠዋት ፈጣሪዋን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መብራት እንዳይጠፋ።

የመጽሐፉ ታሪክ አጭር ነው። የእንኮዬ እናት በክረምት ታማ ትተኛለች። እንኮዬም ዳለቻ የምትባለውን በጋቸውን ሸልታ ፀጉሯን ትፈትላለች፤ ለእናቷ ባና ልታሠራላት፣ ያን ወፍራሙን የመንዝ ብርድ ልብስ። በየማለዳው ከእናቷ ጎን ጋደም ብላ «እማዬ፣ አንቺ ካልተነሣሽ እኔም አልነሣም» ትላታለች። እናትየው ለልጇ ስትል እየተነሣች ሰነበተች። ባናው ከሸማኔ ቤት በመጣበት ቀን ግን አልተነሣችም።

በቴሌቪዥኑ ብቅ ያለችው እናት ጢም ነበራት። ሻሽ ያሰረ ድብልብል ያለ ሰውዬ በባና ተጠቅልሎ ያንኮራፋል። እንኮዬ ተብዬውም ጎልማሳ ነው፤ ሹሩባ ተሠርቷል። ዳለቻን የሆኑት ሁለት ሰዎች ለምድ ለብሰው ነው፤ የፊተኛው ወደ በር ሲሄድ የኋለኛው ወደ አልጋ ይጎትታል። «እማዬ፣ አንቺ ካልተነሣሽ እኔም አልነሣም!» አለ ሹሩባው በቀጭን ድምፅ፣ አጠገቡም ተጋደመ። በጓም መጥታ ተጋደመች፤ ፊቷ በራስጌ፣ ኋላዋ በግርጌ። ሦስቱም ማንኮራፋት ጀመሩ። ቀጥሎ የበግ ፀጉር አለቀና ልጅቷ የእናቷን ጢም መፍተል ያዘች።

ትሕትና ሳቀች። ላለመሳቅ ለመሞከር እንኳ ጊዜ አላገኘችም፤ ሳቁ ቀድሟት ወጣ። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ቀብሩ ላይ ሟቿ ቀና ብላ «ምሳ ደረሰ እንዴ?» ስትል አቶ ጫኔ ጉልበታቸውን እየመቱ ተንፈቀፈቁ።

እንባዋን ስትጠርግ ዘወር አለች። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የሚያዩት ቴሌቪዥኑን አልነበረም። እሷን ነበር የሚያዩት።

ያኔ መብራት እንዲጠፋ ለመነች። ሞላሌ ውስጥ በየቀኑ የሚጠፋው መብራት ያን ቀን እስከ መጨረሻው ቦግ ብሎ ዋለ።

ወደ ቤት ሲሄዱ እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው ቀደም ቀደም አሉ። በራቸው ላይ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ።

«እንዲህ ያለች ሴት ናት እንዴ ስም ሳስጠራላት የኖርኩት?»

ትሕትና የምትገባበት አጣች። ነገሩ እንዲህ ነው። በመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ቄሱ የእንኮዬን እናት በክርስትና ስሟ «ወለተ ሐና» ብለው ይሸኟታል። እማማ ማንበብ አይችሉም፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የበግ ፀጉር እየፈተሉ ትሕትና ታነብላቸዋለች። አምና የሰንበቴ ተራቸው ደርሶ ለአባ አትናቴዎስ የሙታኖቻቸውን ስም ሲሰጡ፣ ከባላቸውና ከልጃቸው ቀጥለው «ወለተ ሐና» ሲሉ ሰማቻቸው። «እማማ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው!» ብትላቸው፣ «እሱንማ አላጣሁትም። ምናልባት ብትኖርስ? ስም ማንሣት ማንን ጎዳ?» አሏት። ትሕትና ያን ቀን በደስታ ልትሞት ደርሳ ነበር። እንኮዬን ከእሷ እኩል የሚወድ ሰው ያገኘችው በሕይወቷ ያኔ ብቻ ነው።

«እሷ አይደለችም፣ እማማ። ቀልድ ነው። የታወቀ ነገር ወስደው ሰው እንዲስቅ...»

«በሞተች ሴት?»

«በመጽሐፉ ነው እንጂ በእሷ አይደለም።»

«አንቺስ በምኑ ሳቅሽ?»

ትሕትና በሩን ከፈተችላቸው።

ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ባሰ። አስተማሪ «ተነሥተህ መልስ» ያለው ልጅ ሁሉ «አንቺ ካልተነሣሽ እኔም አልነሣም!» እያለ ክፍሉን በሳቅ ያፈርሰዋል። መጽሐፉን አይተው የማያውቁ ልጆች አውሺን እያሉ ተሰለፉባት። ትሕትና መጀመሪያ ደስ አላት፤ በዚህ ሰበብ ያነቡታል ብላ። አስቻለው የሚባለው የክፍሏ ልጅ በማግስቱ መለሰላት።

«አቦ፣ ቀልዱ የቱ ጋ ነው? ጢሙም የለ፣ ምኑም የለ። ደባሪ ነው።»

ሌሎቹም እንዲሁ አድርገው መለሱላት። የሲሚንቶው ወረቀት በየእጁ ተቀዳደደ።

ከሁሉ የሚያበሽቃት ደግሞ የራሷ ነገር ነው። የሰውዬውን ድምፅ ከማንም አስበልጣ ታወጣዋለች። በእረፍት ሰዓት ከብበው «በናትሽ አንዴ ብቻ» ሲሏት፣ እምቢ ማለት እያሰበች አፏ ይከፈታል። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ሲስቁላት ደስ ይላታል፤ ደወል ሲደወል ግን ማንንም ሳትጠብቅ ብቻዋን ወደ ክፍል ትገባለች።

ጓደኛዋን ፍሬሕይወትን አንድ ቀን «እንዲህ መቀለዳችን አይከብድሽም?» አለቻት። ፍሬሕይወትም መጽሐፉን ከእሷ ተውሳ፣ አልቅሳ የመለሰች ልጅ ናት።

«አንቺ ደግሞ! ባንወዳት ሙድ እንይዝባት ነበር? የማይወደድ ነገር ማን ይቀልድበታል?»

«እማማ ግን አዝነዋል።»

«እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው። አንቺ ራስሽ ግን ስቀሻል አይደል?»

እውነቷን ነው። ትሕትና እውነት በመሆኑ ይበልጥ ተናደደች።

በሚቀጥለው እሑድ እማማ እንዝርታቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ተቀመጡና «በይ እስቲ አንብቢልኝ፤ ያንን ሰውዬ ከዓይኔ ላይ አንሺልኝ» አሉ። ትሕትና መጽሐፉን ገለጠች። በደንብ ጀመረች፤ ድምጿን ረጋ አድርጋ፣ እንደ ድሮው። ያ ቦታ እየተቃረበ ሲመጣ ግን ጉሮሮዋን አንድ ነገር ይኮረኩራት ጀመር። «እማዬ፣» አለችና ቆመች። «እማዬ፣ አንቺ ካልተነሣሽ...» ቀጭኑ የሹሩባው ድምፅ አፈትልኮ ወጣ። ሳቋን ዋጠችው። እንደገና ሞከረች፤ ያው ድምፅ ወጣ። በሦስተኛው ሳቅና ልቅሶ ተቀላቀለባት።

እማማ እንዝርቱን አቆሙት። አልተቆጧትም። ቢቆጧት በተሻላት።

«ተይው ልጄ፣ በቃ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም» አሉና ፀጉሩን ሰብስበው ገቡ።

ሰኔ ሲገባ የድራማ ክበቡ ኃላፊ ቲቸር መርስዔ ኃዘን ጠሯት። ለወላጆች ቀን የቴሌቪዥኑን እንኮዬ ሊያቀርቡ ነው፤ ባለ ሹሩባዋን እንኮዬን ከእሷ በቀር የሚጫወታት የለም። ትሕትና ለመልሱ አንድ ሌሊት ጠየቀች። እንደማትሠራው ሲነጋ ወሰነች። ከወሰነች በኋላ ቀለል አላት፤ እንዲያውም ድራማው የሚቀር መሰላት። ቲቸር ሲለምኗት፣ እሷ እምቢ ስትል፣ ምክንያቷን ስትናገር፣ ክበቡ በሙሉ ሲያፍር ታያት።

«አልሠራውም፣ ቲቸር።»

«እንዴ? ጥሩ፤ ፍሬሕይወት ትተካሻለች» አሉና ወደ ልምምዱ ተመለሱ።

እማማ እንዳይመጡ ያልሞከረችው የለም። ዝናብ ነው አለች፣ ወንበር አይበቃም አለች፣ ይሰለቻል አለች። «አባትሽ አደራ የሰጠኝን ልጅ ትምህርት ቤት ሰው እንደሌላት ላስቀራት?» ብለው በርኖሳቸውን ደርበው መጡ። ከጎናቸው ተቀመጠች። ፍሬሕይወት ሹሩባዋን እያወዛወዘች ስትወጣ እማማን ላለማየት ጫማዋን ታይ ጀመር። እናትየዋ አንኮራፋች፣ ሕዝቡ ሳቀ። በጓ ለሁለት ተጓተተች፣ ሕዝቡ ሳቀ። ጢሙ መፈተል ሲጀምር ከጎኗ አግዳሚው ተንቀጠቀጠ።

እማማ እየሳቁ ነበር። መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ቀጥሎ ሆዳቸው፣ በመጨረሻም ድምፃቸው። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ወይኔ! ወይኔ! አዙሪቱን አላወቀችውም እኮ፤ እንዲህ ይፈተላል እንዴ?» ይላሉ። ድንገት ትሕትና እያየቻቸው መሆኑን አዩ። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ቀረ።

መንገዱ ጭቃ ነበር። እጃቸውን ይዛ እያሻገረቻቸው ሄዱ።

«አመለጠኝ» አሉ እማማ።

«የኔም አምልጦኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ስለ እንኮዬ በዚያ ቤት አልተነሣም። ትሕትና መጽሐፉን ሣጥኗ ውስጥ ልብሷ ሥር ከተተችው። እሑድ ከሰዓት እማማ ብቻቸውን ይፈትላሉ፤ እሷ ሒሳብ ትሠራለች። ማንም ማንንም አልበደለም፤ ግን አንድ ነገር ከመካከላቸው ሄዷል፣ የት ሄደህ እንደምትመልሰውም የሚነግርህ የለም።

በሐምሌ የሰንበቴ ተራቸው ደረሰ። ትሕትና ዳቦውን ተሸክማ ተከተለቻቸው። ዝናቡ የሰንበቴ ቤቱን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። አባ አትናቴዎስ ዳቦውን ባርከው፣ ጆሯቸውን ወደ እማማ ዘንበል አደረጉ። እማማ የባላቸውን የክርስትና ስም ተናገሩ። የልጃቸውን ተናገሩ። ከዚያ ከንፈራቸው ሊንቀሳቀስ ብሎ ተወ።

«ሌላስ አለ?» አሉ አባ።

እማማ አንገታቸውን ደፉ። «አይ፤ በሳቅሁባት አፌ...» አሉ ለራሳቸው፣ ከትሕትና በቀር ሰው በማይሰማው ድምፅ።

ትሕትና ብድግ አለች። የእንኮዬ እናት የትም እንዳልነበረች ከማንም በላይ ታውቃለች። በጉባኤው መካከል ቆማ ስትናገርም የመጀመሪያዋ ነው።

«ወለተ ሐና» አለች።

አባ አትናቴዎስ ቀና ብለው አዩዋት። «ምንሽ ናት፣ ልጄ?»

«ባናዋን ሳትሞቀው የሞተች ሴት ናት።»

አባ ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። እማማ በተቀመጡበት ሸሸት ብለው ቦታ ለቀቁላት፤ ተቀመጠች። አባም ጸሎቱን ጀምረው ስሟን ከእማማ ባልና ልጅ ስም ቀጥለው ጠሩት። ወዲያው ያ የቴሌቪዥኑ ጢም በዓይኗ መጣባት። ትሕትና ከንፈሯን ነክሳ፣ እስኪያልፍ ጠበቀች።