ቢምቢ የማትነድፈው ሰው

በጫሞ ሐይቅ ዳር የሚያድር ሁሉ ከድንኳኑ በፊት የሚተክለው ጸጥታ-አጥሩን ነው። ጸጥታ-አጥር ክንድ የምታህል ዘንግ ናት፤ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ እያሰማች ቢምቢና ዝንብ ታርቃለች። ውዳሴ ዘንጓን አሸዋው ላይ ተከለች። መብራቷ ሲበራ ከባሏ ከያቤጽ ጋር ዓሣቸውን ሊጠብሱ ተቀመጡ።

የመጡት ለምስጋና ነበር። ባለፈው ዓመት እዚሁ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተገልብጦበት፣ ያቤጽ ለወራት ሆስፒታል ተኝቶ፣ አንዲት ጠባሳ እንኳ ሳትቀርበት ድኖ ወጥቷል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የዘንጓ መብራት ብልጭ ድርግም አለና ጠፋ። ወዲያው ቢምቢው ከቄጠማው ውስጥ እንደ ጭስ ተነሣ።

“ኧረ በላኝ!” አለች ውዳሴ። የዘንጓን ሆድ ከፍታ በአንድ እጇ ሽቦውን ትነካካለች፣ በሌላው አንገቷን ትመታለች። ጋቢ ብትከናነብም በላዩ ወጓት። “አንተ ደግሞ እጅጌህን እንኳ አታወርድም?”

ያቤጽ ክንዶቹን አየ። አንዲትም አልነካችውም። ፊቱ አጠገብ ይደርሱና፣ ድንጋይ እንዳጋጠማቸው ሁሉ ዞረውት ወደ እሷ ያልፋሉ።

ተነሥቶ ቄጠማው ውስጥ ገባ። እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። ጥቁሩ መንጋ ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኙ አለፈ።

“ያቢ፣ ተመለስ!”

ተመልሶ አጠገቧ ተንበረከከ። ክንዷ ላይ የጠገበችውን አንዷን ቢምቢ ጨፈለቀና ደሙን የራሱ ክንድ ላይ ቀባው። ጠበቀ። አንዲት ቢምቢ መጥታ አረፈች፤ ደሙን ቀመሰች፤ ከሥሩ ያለውን ቆዳ ፈተሸችና ትታው ሄደች።

“ሆስፒታል ምን አደረጉኝ?”

“‘አድነነዋል’ ነው ያሉኝ። ሌላ የነገረኝ የለም።”

“ልጅ ሆኜ ወባ ይዞኝ ነበር። ብርድ ልብስ ደራርበውብኝ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ትዝ ይለኛል።” ድምፁ ዝቅ አለ። “ወባው ማንን ነው የያዘው፣ ውዳሴ? ያ ልጅ አሁን የት ነው ያለው?”

ውዳሴ ወደ ሐይቁ ማየት ፈራች።

በመጨረሻ ሽቦው ገጠመ፤ ቢምቢው ሸሸ። በአጥሩ ውስጥ አሁን ማንንም የሚነድፍ፣ ማንንም ከማንም የሚለይ አልነበረም። ያም ሆኖ ያቤጽ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። እንድትፈራው አልፈለገም። እሷ ግን ፈርታ ነበር።

የተነደፈው ጀርባዋ ይለበልባታል፤ እጇ አይደርስበትም። ብዙ ካመነታች በኋላ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችው።

“እከክልኝ።”

ጣቶቹ ቦታውን አልሳቱትም። ሲጨርስ ወደ እሱ ዞረች።

“በል፣ እኔም ልከክልህ።”

“እኔን የሚያሳክከኝ የለም እኮ።”

“ይሁን። የት ጋ ልከክልህ?”

ያቤጽ ክንዱን ዘረጋላት።

“እዚህ ጋ” አላት፣ ምንም የሌለበትን ቦታ እያሳያት።