የኡ ባ ሌይ ትራሶች

የቡጢ አሠልጣኙ ኡ ባ ሌይ በገዛ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። የተሰበረ መንጋጋው በሽቦ ታስሯል። ድሮም ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቁርጥ ይልበት ስለነበር ሐኪሙ «በጀርባው ከተኛ አለቀለት» ብሎ በሦስት ትራስ ተደግፎ እንዲተኛ አዞ ነበር። ትራሶቹ አሁን ጥግ ላይ ተደርድረዋል።

የፓአን ከተማ ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው በቡጢኛው በታር ንጌ ላይ ነው፤ በልምምድ መንጋጋውን የሰበረው እሱ ነበርና። ፖሊሶችም ካቴና አዘጋጅተውለታል። መርማሪው ኡ ሶ ቲንት ግን በሰው ወሬ የሚነዳ አይደለም። ከአልጋው ግርጌ ተንበርክኮ ምንጣፉ ላይ በግንባር ቅርጽ የታተመውን ቢጫ ታናካ፣ ያገሩ ሰው ፊቱን የሚቀባውን የዛፍ ቅርፊት ቅባት፣ አየ።

«ብፈልግማ መድረክ ላይ እጨርሰው ነበር!» አለ ታር ንጌ፣ ግንባሩ ከነስፌቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ።

«ምንጣፉ መቼ ታጠበ?» አለ መርማሪው።

«ትናንት እኔው አጥቤ አነጠፍኩት» አለች የሟቹ ሚስት ዶ ኤይ ሽዌ። «ከዚያ ጾሜን ይዤ ስጸልይ አመሸሁ።»

«አልጋው አጠገብ ያለውን ሾርባስ ማን ሰጠው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች የሟቹ የማደጎ ልጅ ናን ኬይ። «ማኘክ አይችልም ነበር።»

መርማሪው ሦስቱንም አስቀመጣቸው።

«በሾርባው ሳህን ሥር ያልሟሟ የእንቅልፍ ክኒን አለ። ገዳዩ እሱን እንቅልፍ እስኪወስደው ጠበቀ፤ ትናንት በታጠበው ምንጣፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሰገደለት፤ ከዚያ ትራሶቹን ነጠቀው። የታር ንጌ ግንባር በፋሻ ነው። እመቤቲቱ ጾመኛ ነበሩ፤ መቀባባት ክልክል በሆነበት በጾም ቀን ታናካ አይቀቡም። የቀረሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ።»

ናን ኬይ ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗ ውስጥ ጥላቻ እንጂ ፍርሃት አልነበረም።

«የወንድሜንም መንጋጋ የሰበረው አሠልጣኙ ነው። ሐኪሙ ተደግፎ ይተኛ ቢል ‹ትራስ የፈሪ ነው!› ብሎ ነጠቀው። ወንድሜ በእንቅልፉ ታፍኖ ሞተ። ይሄ ሰውዬ በማግስቱ ልምምድ አስገባን!»

«ታዲያ ለምን ሰገድሽለት?»

«ሩዙን በልቼ ያደግኩት እዚህ ቤት አይደል? የሰገድኩት ላሳደገኝ ነው። ትራሱን የነጠቅኩት ግን የወንድሜን ገዳይ ነው። ሲያጣጥር አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰማሁት፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።»

ዶ ኤይ ሽዌ ልትመታት እጇን አነሳች። ወዲያው የናን ኬይን ወንድም ድምፅ የሰማች መሰላት፤ ያኔ ትራሱ ሲነጠቅ እሷም ቆማ ታይ ነበር። እጇን መለሰች።