ልኩን ያለፈው ማንኪያ

ምድጃው ላይ የተጣደው ሳህን መንተክተክ ሲጀምር ድምቢጥ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ቁመቷን አይተው ነው የክፍል ልጆች ድምቢጥ ያሏት፤ አሁን ግን ከዚያም ያነሰች መሰላት።

የሳይንስ ክበቡ ልጆች የሴራሚክ ዱቄት እየሠሩ ነው። አሉሚኒየም ናይትሬትና ዩሪያ በውሃ ይሟሟና ይጣዳል። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ድብልቁ በራሱ ይቀጣጠላል፤ እሳቱ ሲበርድ አረፋ የመሰለ ነጭ ዱቄት ይቀራል። ነዳጁ ዩሪያው ነው። ካነሰ አይነድም፣ እንደ ሙጫ ተጣብቆ ይቀራል። ከበዛ ደግሞ ነበልባሉ ይከፋል፣ ዱቄቱም ይጓጉላል፣ ይጠቁራል።

ትናንት የድምቢጥና የጓደኛዋ ድብልቅ አጨሰና ቀረ። ለዚህ ነው ዛሬ ድምቢጥ ዩሪያውን መዝና ስትጨርስ ጓደኛዋ ቀውጢ ጠጋ ያለቻት።

«ጨመር አድርጊበት እንጂ።»

«ልኩ እኮ ነው።»

«ትናንትም ልኩ ነበር። ‹ጭሶቹ መጡ› እያሉ ሙድ ሲይዙብን አልሰማሽም? አትካበጂ ባክሽ፣ ማን ያያል?»

ድምቢጥ ዓይኗን ከሚዛኑ ላይ አንስታ አንድ ሙሉ ማንኪያ ገለበጠችበት።

አሁን ምድጃው አጠገብ ቀውጢ ጆሮዋ ሥር ሳቅ አለች። «ዛሬ ጉድ ያያሉ። አንቺ ዞር ስትዪ እኔም አንድ ማንኪያ ጣል አድርጌበታለሁ።»

ከሳህኑ ቡናማ ጭስ መውጣት ጀምሯል። መምህራቸው ከምድጃው ፊት ያለውን፣ እንፋሎት የሸፈነውን መከለያ መስታወት ከፍ አድርገው ከውስጥ በጨርቅ እየጠረጉ ነው፤ ፊታቸው ከሳህኑ አጠገብ ነው።

ቀውጢ የእጇን አንጓ ጨመቀቻት። «ትንፍሽ እንዳትዪ። ከክበቡ ነው የሚያባርሩን።»

ድምቢጥ ጭሱንና የመምህሯን ፊት አየች።

«ቲቸር፣» አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «መስታወቱን ያውርዱትና ወደ ኋላ ይበሉ። ዩሪያው በዝቷል።»

መምህሯ አልጠየቁም። መስታወቱን ለቀቁትና ፈቀቅ አሉ። ወዲያው ነበልባሉ ተወርውሮ መስታወቱን ላሰው። ከኋላ የነበሩት ልጆች ወንበር እየገፉ ሸሹ።

እሳቱ ሲበርድ ሳህኑ ላይ የቀረው ጠቆር ያለ ጓል ነበር። መምህሯ ጨርቁን አሁንም እንደያዙ ወደ ልጆቹ ዞሩ።

«ማን ነው የጨመረው?»

ቀውጢ አቀረቀረች። ድምቢጥን ፍርሃቱ ጭራሽ አልለቀቃትም፤ እንዲያውም አሁን ባሰባት።

«አንዱን ማንኪያ እኔ ነኝ» አለች።

«አንዱን? ሌላውንስ?»

ድምቢጥ አንጓዋን ከቀውጢ ጣቶች ቀስ ብላ አስለቀቀችና፣ ከአጠገቧ ሳትርቅ ቆማ ራሷ እንድትናገር ጠበቀቻት።