በሟች ጭን ላይ የተገኘው ካሬ

ወይዘሮ ደመቀች ሞተው ሲገኙ መርፌና ክራቸው ጎናቸው፣ ያለቀ ስፌት ደግሞ ጭናቸው ላይ ነበር። አፍንጫቸው ላይ የጥጥ ብናኝ፣ ትራሱ ላይ የምራቃቸው እድፍ ይታያል። የጋምቤላ ሙቀት ለሬሳ አያዝንም፤ ዝንቡ ከመርማሪ አብዱልከሪም ቀድሞ ደርሷል። መርማሪው በትራስ ታፍነው መሞታቸውን እንዳረጋገጠ ወጥቶ አጥሩ ሥር አስመለሰ። ስንት ሬሳ ያየ ሰው እንዲህ መሆኑ አሳፈረው።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ሟቿ የሰፈሩን ሴቶች በማኅበር ሰብስበው ለአራስ ልጆች ብርድ ልብስ ያሰፉ ነበር። አሰፋፉ ቀላል ነው። በአንድ ካርቶን ልክ ከተቆረጡ ነጭና ሰማያዊ ጨርቆች ሦስት ሦስቱ በረድፍ ይሰፋሉ፤ ሦስቱ ረድፍ ሲጋጠም አንድ ካሬ ይሆናል። እያንዳንዷ ሴት በሳምንት አንድ ካሬ ታስረክባለች፤ ካሬዎቹ ተጋጥመው ብርድ ልብስ ይሆናሉ።

ጣቢያው ተጠርጣሪ አላጣም፤ የሦስት ወር ልጅ የታቀፈች ኛሩአች የምትባል ሴት አስሯል። ሴቶቹ በስድስት ሰዓት ሲበተኑ ወይዘሮ ደመቀች ገና አንድ ረድፍ ብቻ ነበር የሰፉት። የቀረው የሁለት ሰዓት ሥራ ስለሆነ እስከ ስምንት ሰዓት በሕይወት ነበሩ ተባለ። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ግቢው ውስጥ የታየችው ደግሞ ስፌት ልትማር የመጣችው ኛሩአች ብቻ ናት። የተኙ መስሏት ደጅ ሆና ልጇን ስታጠባ መቆየቷን፣ በኋላ ስትገባ ሬሳ ማግኘቷን ብትናገርም ሰሚ አጣች። በአራተኛው ቀን ፍርድ ቤት ልትቀርብ ነው።

አብዱልከሪም ግን የልብስ ሰፊ ልጅ ነው። ካሬውን ገልብጦ ሲያየው ቅር አለውና ከሰፊዎቹ አንዷን ፈሪዳን ጠራት።

«እትዬ ደመቀች ሲሰፉ ጠርዙን ምን ያህል ወደ ውስጥ ያስገባሉ?»

«የጥፍር ግማሽ። ከዚያ ካለፈ ያስፈቱናል።»

«ሁላችሁንም?»

«አብዝተው ሺታዬን ነው። የሷ ካሬ ሁልጊዜ ያንሳል። ‹ጨርቅ ትበያለሽ› ይሏታል።»

ሺታዬ የጤና ጣቢያ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ለማኅበሩ ጨርቅ የምታመጣውም እሷ ነች። ያን ቀን ካሬዋን መጨረሷን ሁሉም አይተዋል። ሌሎቹ ሲወጡ ቁርጥራጭ ልልቀም ብላ ጥቂት ቆይታለች፤ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ግን ሠርግ ቤት ስትበላ መዋሏን ግማሽ ከተማ ይመሰክርላታል።

በሦስተኛው ቀን አብዱልከሪም ሴቶቹን ለቅሶ ቤት ሰብስቦ የሳምንቱን ካሬ ተረከባቸው። ሺታዬም ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ሰጠች።

«ቁራጩ የሁላችሁም እኩል ነው» አለ። «ካሬውን የሚያሳንሰው ወደ ውስጥ የሚገባው ጠርዝ ነው። ይሄ ጭናቸው ላይ የተገኘው፣ ከእትዬ ደመቀች የቀድሞ ሥራ ጋር ሳስተያየው በአንድ ጣት አነሰ። ከወይዘሮ ሺታዬ የቀድሞ ሥራ ጋር ግን ልክ ገጠመ።»

«የእኔስ እጅህ ላይ አይደል?» አለች ሺታዬ።

አብዱልከሪም አሁን የሰጠችውን ዘረጋው። ከሦስቱ ረድፎች አንዱ በጣት ይረዝማል።

«ይህን ረጅሙን የሰፉት ሟቿ ናቸው። በስድስት ሰዓት ያያችሁት ረድፍ ይሄ ነው። ወይዘሮ ሺታዬ፣ እርስዎ ያለቀውን ካሬዎን ጭናቸው ላይ አኑረው ይህን ይዘው ሄዱ። ባዶ እጅዎን እንዳይገኙ የቀረውን ሰፉበት። ስለዚህ ሞታቸው ከሰባት ሰዓት በፊት ነው፤ ያኔ አብረዋቸው የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እዚሁ ለቅሶ ላይ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ነው የሰፋችው» አለች ፈሪዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለሟች ማስታወሻ መስሎኝ ነበር።»

ሺታዬ ሁሉንም ተናገረች። ጨርቁ በተቅማጥ ወረርሽኝ ያለቁ ሕመምተኞች አንሶላ ነው፤ አቃጥዪ የተባለችውን እሷ ለማኅበሩ ስታመጣ ኖራለች። ወይዘሮ ደመቀች ያን ቀን ደርሰውበት ለአለቃዋ እናገራለሁ አሏት።

«ከሥራ ሊያስወጡኝ እኮ ነው» አለች። «ደግሞ አጥቤዋለሁ።»

ካሬዎቹ ከሴቶቹ እጅ ረገፉ። ፈሪዳ ጣቶቿን አፈር ላይ ትፈትግ ጀመር። አብዱልከሪም ሺታዬን ለፖሊሶቹ ሲያስረክብ ክንዷን መንካት ተጸየፈ፤ መጸየፉንም አልደበቀም።

ወዲያው ኛሩአችን ሊያስፈታ ወደ ጣቢያው ሄደ። በሩ ሲከፈት ልጇን አቅፋ ወጣች፤ ሕፃኑ እስከ አንገቱ በነጭና ሰማያዊ ካሬ ብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። አብዱልከሪም ጨርቁን ጠቆመ።

«ፍቺው» አላት።

«እትዬ ደመቀች ሰጠኝ» አለች በተሰባበረ አማርኛ፣ ልጁን ይበልጥ እያስጠጋች። «ሌላ የለም።»

ሸሚዙን አወለቀ። በላቡ የራሰ ነበር፤ ሕፃን ሊጠቀልሉበት የሚያስጠላ። እሱኑ ሰጣት።