በመጀመሪያዋ ክሬንሻው ፊት

ሆሊስ ክሬንሻው የሞተው ራሱ በሠራት የመጀመሪያ የጭነት መኪናና በፋብሪካው የጡብ ግድግዳ መካከል ተጨፍልቆ ነው። መርማሪው ሩበን ሃስሌት ሲደርስ ከፊት ቆሞ ሞተሩን በእጅ እያዞሩ የሚያስነሱበት ማኖቬላ መሬት ወድቋል፤ ሞተሩ ግድግዳውን ገፍቶ ገፍቶ ጠፍቷል፤ ማርሹ እንደገባ ነው። ሐኪሙ አደጋ ነው ብሎ ጨርሷል። ሽማግሌው ማርሽ መግባቱን ረስቶ አስነሳት፣ ዘላ ደፈጠጠችው።

ሃስሌት ግን መቀመጫው ላይ ወጥቶ፣ ከመሪው ስር ያለችውን፣ ሻማው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ የምታስተካክለውን ትንሽ እጀታ ሲያይ ቆየ። ሳይነካት ወረደ።

እ.ኤ.አ. በ1932 ክረምት ያቺ የኦሃዮ ከተማ በክሬንሻው ፋብሪካ ነበር የምትኖረው። መኪና የሚገዛ ሲጠፋ ሆሊስ ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ለመሸጥ ወሰነ። ገዢው ስሙን ወስዶ በሩን እንደሚዘጋ ሁሉም ያውቃል። ፊርማው ለማግስቱ ነበር። ሆሊስ ከሌለ ውሳኔው ወደ ወንድሙ ወደ ኤመት ይዞራል፤ ኤመት ደግሞ ሽያጩን እስከ መጨረሻው የተቃወመ ብቸኛ ሰው ነው።

ሃስሌት መጀመሪያ የሠራተኞቹን አለቃ ካዚሚርን ጠየቀ።

«በር ላይ ዝተህበት ነበር አሉ።»

«አዎ፣ ከፈረምክ አንቅሃለሁ ብዬዋለሁ። ልጆቼ የድንች ልጣጭ ነው የሚበሉት፣ ጌታዬ። ግን ያን ጊዜ ቤተክርስቲያን ሾርባ እያደልኩ ነበር።» ተሰልፈው የነበሩት ሁሉ መሰከሩለት።

ሆሊስ ከሥራ ያባረረው የሴት ልጁ ባል ክላይድ ቂሙን አልደበቀም። ስለ እጀታዋ ሲጠየቅ ግን ፍሬን ናት አለ። የማኖቬላ መኪና ነድቶ እንደማያውቅ በፋብሪካው ሁሉ የሚሳቅበት መሆኑን ካዚሚርም አረጋገጠ።

ኤመት በተራው ቀስ ብሎ መለሰ። «ወንድሜ ብቻውን ነበር። ሁልጊዜም ብቻውን ነው የሚያስነሳት።»

ሃስሌት ከዚያ ሲወጣ ዞር ብሎ የፋብሪካውን በር አየ። የገመተው እውነት ከሆነ፣ በሩን ክፍት ሊያቆይ የሚችለውን ሰው ማሰሩ ነው። የገዛ እህቱም ባል እዚያው ብየዳ ክፍል ነው የሚሠራው።

ቢሆንም ሦስቱንም መኪናዋ ዘንድ ሰበሰባቸው።

«ሞተር የሚያስነሳ ሰው ይቺን እጀታ አስቀድሞ ወደ ላይ ይመልሳታል» አለ። «አለዚያ ማኖቬላው ወደ ኋላ ይመታና ክንዱን ይሰብረዋል። የሆሊስ ክንድ ደህና ነው፤ ስለዚህ ሲያስነሳ እጀታዋ ወደ ላይ ተመልሳ ነበር። እኔ ሳያት ግን ታች ነበረች፤ ወደ ታች የምትሳበው ደግሞ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ፣ በደንብ እንዲሠራ ነው። ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ሰው አያወርዳትም። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ መቀመጫው ላይ ሌላ ሰው ነበር ማለት ነው። ክላይድ እጀታዋን አያውቃትም። ካዚሚር ያውቃታል፣ ግን እዚህ አልነበረም። አቶ ኤመት፣ እባክዎ ይውጡና ይቀመጡ።»

ኤመት ወጣ። ሃስሌት ማርሹን ነፃ አድርጎ፣ እጀታዋን ወደ ላይ መልሶ፣ ሆሊስ የሞተበት ቦታ ቆሞ ማኖቬላውን አዞረ። ሞተሩ ሲነሳ የኤመት ግራ እጅ፣ ዓይኑ ሳያያት፣ እጀታዋን ወደ ታች ሳባት።

ኤመት እጁን አየ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ድምጿን እንስማ አለኝ» አለ። «ስትነሳለት ቀና ብሎ ሳቀልኝ። እኔ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ረግጬ ነበር። ነገ እኮ ሁሉ ነገር ያልቃል... እግሬን አነሳሁ።» ወደ ካዚሚር ዞረ። «ለእናንተ ብዬ ነው።»

ካዚሚር ቆቡን አወለቀ። «እኛ አልላክንህም» አለው።

ሃስሌት ሞተሩን አጠፋ። ኤመት ከታሰረ በኋላ ውሳኔው የሆሊስ ልጅ ሆነ፤ እሷም ፈረመች። በሩ ላይ ሰንሰለት ሲገባ ካዚሚርና የሃስሌት እህት ባል ከሌሎቹ ጋር በረዶው ላይ ቆመው ያዩ ነበር።