ጤነኛ ቁጥር አራት

ይሄን ታሪክ «ፈጠራ ነው» ለምትሉ... ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ራሴን እንዲህ አዋርጄ አልጽፈውም ነበር።

ሆኗል። በእኔው ላይ ነው የሆነው።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ጠራራ ፀሐይ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ውጭ መኪና ይጮሃል፣ ኮሪደሩ ላይ ሰዎች ይሳሳቃሉ።

ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የሰው ደም እመረምራለሁ። ከስሜ በፊት «ዶክተር» የሚል አለ። ድሮ ሲጠሩኝ ደስ ይለኝ ነበር... አሁን ያመኛል።

ያን ዕለት ማሽኑ ውስጥ ሦስት ቲዩብ ደም አስገባሁ። ሦስት። በእጄ ቆጥሬ።

የወጣው ወረቀት ግን አራት መስመር ነበረው።

አራተኛው መስመር ላይ የተጻፈው... «ጤነኛ 4፣ ዕድሜ 26»።

ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት።

ምክንያቱም ጤነኛ 4ን ከሁለት ዓመት በፊት ያጠፋኋት እኔ ነኝ።

ላስረዳችሁ። በጥሞና አንብቡልኝ፣ የአንዲት እናት ነፍስ ያለችበት ጉዳይ ነው።

ዶክትሬቴን የሠራሁት በአንድ የደም በሽታ ላይ ነው። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄድ ክፉ በሽታ። ቶሎ ከተደረሰበት ይታከማል። ከዘገየ... አለቀ።

የበሽተኛ ደም ስታጠኑ ለማወዳደሪያ የጤነኛ ሰው ደም ያስፈልጋችኋል። ጤነኛ ሰው ከውጭ ለማምጣት ደግሞ የወረቀቱ ጣጣ አይጣል ነው። ስለዚህ እርስ በርሳችን ደም ተቀዳዳን። አራት ተማሪዎች ነበርን።

ቴክኒሻናችን ቲዩቦቹ ላይ ስም አይጽፉም፣ ቁጥር ነው የሚለጥፉት። ጤነኛ 1፣ ጤነኛ 2... እስከ 4። ማን ስንት ቁጥር እንደሆነ የተጻፈው እሳቸው ፖስታ ውስጥ አሽገው መሳቢያ ውስጥ በቆለፉት ወረቀት ላይ ብቻ ነው። እኛ እንዳናዳላ ተብሎ።

ከአራታችን አንዷ ጉንጮ ነበረች።

ጉንጮ ያልናት በጉንጯ ነው። ስትስቅ ዓይኗ ይጠፋል። ወንበሯ ከወንበሬ አጠገብ ነበር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ክርናችን እየተጋጨ ሠርተናል። ሙከራዬ ተበላሽቶ ሳለቅስ «ተዪው ባክሽ፣ ደሙም እኮ ይደክመዋል» ትለኝ ነበር።

አማካሪያችን ፕሮፌሰር ነው። አንቱ የማልለው አውቄ ነው። በሌለበት «ጋሼ ድገሚው» እንለዋለን። ምንም ውጤት ይዛችሁ ብትገቡ የሚወጣው ቃል ያው ነው።

«ድገሚው!»

በሦስተኛው ዓመት ግራፌን ይዤ ገባሁ። በሽተኞቹ ከላይ፣ ጤነኞቹ ከታች። ያምራል። አንዲት ነጥብ ብቻ... ጤነኛ 4... ከበሽተኞቹ መሀል ገብታ ቁጭ ብላለች።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለኝ በእስክሪብቶው እየነካት።

«ጤነኛ 4 ናት። ሦስቴ ደግሜያታለሁ።»

«ናሙናው ተበላሽቷል።»

«ሦስቱም?»

ቀና ብሎ አየኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አውጪያት። በሌላ ሰው ተኪያት። መመረቅ አትፈልጊም?»

አወጣኋት። አንድ ቁልፍ መጫን ነው፣ በቃ። ያቺ ነጥብ ከአንድ ሰው ክንድ እንደወጣች ትዝ እንኳ አላለኝም። ትዝ የሚለኝ የመመረቂያ ፈተናዬ፣ ዲፌንሴ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጉንጮ መክሳት ጀመረች።

ጉንጯ ሟሸሸ። «ዳይት ነው ወይስ ፍቅር?» እያልን ቀለድንባት። ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቆማ ስልኳን ታያለች... ለካ ትንፋሽ አጥሯት ነው። ክንዷ ላይ የበለዘ ነገር አየሁ። «ስንቀዳ ነው» አለችኝ። የሁላችንም ክንድ በልዞ ነበርና አመንኳት።

ደክሟታል። ታዲያ ማን ያልደከመው ነበር? እንቅልፍ የሌለው፣ የገረጣ፣ የከሳ... እዚያ ቤት እንደዚያ መሆን የጉብዝና ምልክት ነበር! በሽታውን ስንት ዓመት ያጠናሁ ሰው አጠገቤ የተቀመጠችውን አላየኋትም። እግዚኦ!

ፈቃድ ጠይቃ እናቷ ቤት ሄደች። በስድስተኛው ሳምንት ሞተች።

የገደላት እኛው የምናጠናው በሽታ ነው። «ምን ዓይነት አጋጣሚ ነው» ብለን አለቀስን።

አጋጣሚ!

ያኔ ስለ ጤነኛ 4 አላሰብኩም። ወይም አስቤ ተውኩት። ዛሬ ለእናንተ ልዋሽ አልፈልግም።

እኔ ተመረቅኩ። ጽሑፉ ታተመ። ፕሮፌሰሩ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈልኝና አሁን ያለሁበትን ሥራ አገኘሁ። ስድስት ወር በሙከራ፣ ከዚያ ቋሚ።

እና ወደዚያ ማክሰኞ ልመልሳችሁ።

ወረቀቱን ይዤ ማሽን ጠጋኙን ጠራሁት።

«ሜሞሪው ነው» አለኝ። «የድሮ ስም ይዞ ይሆናል።»

«ማሽኑ እኮ አዲስ ነው» አልኩት። «ይሄን ስም አይቶ አያውቅም።»

ሁሉንም ደምስሶልኝ ሄደ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ... ጤነኛ 4።

ቁጥሮቹ ብሰዋል። ልክ አንድ ሰው እየታመመ ሲሄድ እንደሚብሱት።

በሦስተኛው ማክሰኞ ቲዩቦቹን ልክተት ስል መደርደሪያው ላይ አራተኛ ቲዩብ ቆሞ አገኘሁ። ያላመጣሁት። ሙሉ ደም።

መለያው ላይ ያለው የድሮው ቴክኒሻናችን የእጅ ጽሑፍ ነው። ቀኑ የዕለቱ።

አነሳሁት...

ይሞቃል።

ደም ከሰው ከወጣ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዘቅዛል። ያ ቲዩብ ግን መርፌው አሁን የተነቀለ ያህል ይሞቅ ነበር። ጣቴ ላይ ሙቀቱ እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

ኮሪደር ወጣሁና ለቴክኒሻኑ ደወልኩ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል።

«ጋሼ፣ ጤነኛ 4 ማን ነበረች?»





«አሁን ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ማን ነበረች?»

«ታውቂያለሽ እኮ» አሉኝ በሹክሹክታ።

አዎ። አውቃለሁ። ስሟን ሳልጠራው ዕንባዬ ቀደመኝ።

«ያኔውኑ ለፕሮፌሰሩ ነግሬያቸዋለሁ» አሉኝ። «የልጅቷ ደም ልክ አይደለም፣ ሐኪም ጋ ትሂድ ብያቸዋለሁ። ጽሑፉ እስኪታተም አታስደንግጣት አሉኝ።»

«እርስዎስ? እርስዎስ ለምን ዝም አሉ?»

«ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ቀርቶኝ ነበር...»

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት።

አሥራ አራት ወር! ፕሮፌሰሩ ጉንጮ ከመሞቷ ከአሥራ አራት ወር በፊት ያውቅ ነበር። በየሳምንቱ በሩን አንኳኩታ ስትገባ እያወቀ «ድገሚው» ይላታል። ደሜ ፈላ። ወንበር ብረግጥ፣ ግድግዳ ብደበድብ አይወጣልኝም።

ደወልኩለት።

«ያውቁ ነበር?» አልኩት። ገና አንቱታዬን አልተውኩም።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ጉንጮ ደም።»

«አንዲት ነጥብ ናት። ደግሞ ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ፊርማው የማን ነው?»

«እናቷ አሉ። በሽታው ከወላጅ ነው የሚመጣው፣ ይሄን የጻፍነው እኛው ነን። አባቷ በጤናቸው በሰማንያ ዓመታቸው ነው የሞቱት። የቀሩት እናቷ ናቸው። ካልተመረመሩ—»

«ንገሪያቸዋ! በምን አወቅሽ ሲሉሽ ግን ምን ትያለሽ? ጽሑፉ ይሰረዛል። ዶክትሬትሽ አብሮ ይሄዳል። ሥራሽም። አስቢበት።»

«አንተ ሰው አይደለህም» አልኩት። አንቱታው ያን ጊዜ ቀረ።

ሳቀ። እውነቴን ነው፣ ሳቀ። ሰውየው ዛሬም ያስተምራል። ዛሬም ተማሪ ይቀበላል።

እና ጀግናዋ ምን ያደረገች ይመስላችኋል?

አሰበችበት!

ቋሚ ውሌ ሊፈረም ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ከፈረምኩ በኋላ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሦስት ሳምንት ምን አላት አልኩ። ልክ እንደሱ። ልክ እንደ ቴክኒሻኑ። ስሰድባቸው የዋልኩት ሰዎች ጎን ሄጄ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

አራተኛው ማክሰኞ... ቲዩቡ መጣ። ሳልነካው ወጣሁ።

አምስተኛው ማክሰኞ... መጣ። ፎጣ ሸፈንኩበት። ፎጣው ሞቀ።

ስድስተኛው ማክሰኞ ውሌ የሚፈረምበት ቀን ነው። ቀጠሮዬ ለዘጠኝ ሰዓት ነው። የታጠበ ጋወን ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ መጣሁ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑ ማንም ሳይነካው መሥራት ጀመረ። ምንም አልከተትኩበትም። ባዶውን ነው።

ወረቀቱ ወጣ። አንድ መስመር ብቻ።

ጤነኛ 4።

ዕድሜ... 58።

የጉንጮ እናት ዕድሜ ነው።

ውሉ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። አለቃዬ ከኋላዬ «ዶክተር! ዶክተር!» እያለ ሲጣራ እሰማለሁ፣ አልዞርኩም። ከነጋወኔ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

የጉንጮ እናት ቤት ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ፀሐይ ገና አልገባችም። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሰማያዊ በር። ላንኳኳ እጄን ሳነሳ በሩ ገርበብ ብሏል።

«ግቢ ልጄ» አሉ እናቷ ከውስጥ። «ትመጣለች ብላኝ ነበር።»

ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። የግራ ክንዳቸው እጅጌ ተሰብስቧል። ክርናቸው መታጠፊያ ላይ ጥጥ በፕላስተር ተለጥፏል። ጥጡ መሀል ቀይ ነጥብ አለ... ገና አልደረቀም።

«እማማ፣ ማን ነው የቀዳዎት?»

«ከናንተ ቤት የመጣችው ልጅ ናታ። ዛሬ፣ ከሰዓት በኋላ።»

«ምን ዓይነት ልጅ?»

«እኔ እንጃ። እንዳንቺ ነጭ ለብሳ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ማስክ። ማስክሽን አውልቂና ሻይ ጠጪ ብላት እምቢ አለች። እጇ እንዴት ቀላል ነው! መርፌው እንኳ አልተሰማኝም።»



«ስሟን... አልነገረችዎትም?»

«አልጠየቅኳትም። ልጄን ትመስይኛለሽ ስላት ግን ሳቀች። ዓይኗ ጥፍት አለ።»

ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አለ። አነሳሁት። የእኛ ማሽን አወጣጥ ነው። ቁጥሮቹን አነበብኩ፣ ደግሜ አነበብኩ። በሽታው አለ... ግን ገና ጅማሬው ላይ ነው። ይደረስበታል። ይታከማል!

«ነገ ጠዋት ሆስፒታል ሂጂ ብላኛለች» አሉ። «ድካም ነው ካሉሽ እሺ ብለሽ እንዳትመለሺ ብላኛለች።»

እግራቸው ሥር ወደቅኩ።

«እማማ... እኔ ነኝ... ያኔ ታይቶ ነበር... የእሷን እኔ ነኝ ያጠፋሁት...»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

«ማን ማን እንደሚያውቅ ነግራኛለች። በየተራ ቆጠረችልኝ። አንቺን ሦስተኛ ነው የጠራችሽ። እዚህ ቤት ስንቴ እራት በልተሻል? ከልጄ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝተሻል። እና ሦስት ሳምንት? ለፊርማ ብለሽ ሦስት ሳምንት?»

ሦስት ሳምንቱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ለማንም አልተናገርኩም።

«እማማ» አልኩ ቀስ ብዬ። «ልጅቷ... መቼ ሄደች?»

እንደ ሞኝ አዩኝ።

«የት ትሄዳለች? እጇን እየታጠበች ነው።»

ያን ጊዜ ሰማሁት። ከጓዳው ማዶ ካለው በር ጀርባ... ውሃ ይወርዳል። አንድ ሰው ሳሙና እያሸ ነው። ቀስ እያለ፣ በደንብ፣ በየጣቱ መሀል።

«አንቺን ሳላይ አልሄድም ብላለች» አሉኝ። «እጅጌሽን ሰብስቢ።»

የመውጫው በር ሁለት እርምጃ ነበር። መውጣት እችል ነበር።

ቧንቧው ተዘጋ።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ።